ከመንገድ በፊት ጎንበስ ብለን ጎማውን እንይ

የዛሬውን ጽሑፋችንን የምንጀምረው ከአንድ የጉዞ ገጠመኝ ነው።

የኒካሕ ጥሪ ያለበት አንድ ቤተሰብ ከየጁቤ ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ ሚኒባስ ተኮናትሮ ነበር። እኔም በእንግድነት አብሬያቸው ነበርሁ። ሱብሒ ተሰግዶ ዕቃ መጫን ተጀመረ። የጤፍ ጆንያው፣ የማሩ ጀሪካን፣ የቅቤው ዕቃና የልጆቹ ሻንጣ በጣራው ላይ ተደራረበ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን የቤቱ አባት፣ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት የነበሩ ሽማግሌ፣ ሳይሳፈሩ መኪናውን መዞር ያዙ። በፊተኛው የግራ ጎማ አጠገብ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በጎማው ውስጠኛ ጠርዝ አሳለፉና ወዲያው እጃቸውን ሳብ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይህ ጎማ እኮ ሽቦው ወጥቷል» አሉት ሹፌሩን።

«አይ አባባ፣ በእሱ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አዲስ አበባ ስንደርስ ይቀየራል።»

«ትናንት ያደረሰህ ለዛሬ ዋስ ይሆንሃል?»

ከውስጥ «ኧረ ረፈደብን!» የሚል ማጉረምረም ተሰማ። ሽማግሌው ግን ንቅንቅ አላሉም። ልጆቹ ወረዱ፣ ክሪኩ ወጣ፣ ስኮርታው ተገጠመ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዘገየን። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ገባን። ጎማው ባይቀየር ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዎች መኪናው ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ለመሆኑ የጎማ ነገር የሹፌሩ ጉዳይ ብቻ ነውን? ይህ ጽሑፍ አይደለም ይላል። ያለቀ ጎማ ራሱን አይደብቅም። ለማየት ለፈቀደ ሰው ሁሉ፣ ለእናትም ለተማሪ ልጅም፣ ሁኔታውን ይናገራል። የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃ፣ አንድ ማስመሪያና ጎንበስ ማለት ነው።

መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ

መኪና የቱንም ያህል ቢከብድ መንገድ የሚነካው በአራት ጎማዎቹ ነው፤ የአንድ ተራ መኪና ጎማ ደግሞ መሬቱን የሚነካው የሰው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። ፍሬኑ ቢይዝ፣ መሪው ቢታዘዝ፣ ሹፌሩ ቢጠነቀቅ ሁሉም የሚፈጸመው በእነዚህ አራት መዳፎች በኩል ነው። ጎማው መሬቱን ካልያዘ ጥሩ ፍሬን ብቻውን መኪና አያቆምም።

የጎማው ጥርስና በጥርሶቹ መካከል ያሉት ቦዮች ዋና ሥራቸው ዝናብ ሲጥል ውኃውን ከጎማውና ከአስፋልቱ መካከል ጠርገው ማስወጣት ነው። ቦዮቹ ሲጎድሉ ውኃው መውጫ ያጣል፤ ጎማው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪ ቢያዞሩት መኪናው አይዞርም፣ ፍሬን ቢረግጡትም አይቆምም። ብዙውን ሰው የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሊሾ የሆነ ጎማ በበጋ በደረቅ አስፋልት ላይ ደኅና ይዞ ይሄዳል። ሹፌሩም «ምንም አልሆነ» ይላል። ጉዱ የሚወጣው ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን ያራሰ ዕለት ነው። በኮረት መንገድም ቢሆን የሳሳ ጎማ ለስለታም ድንጋይ ቶሎ እጁን ይሰጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጿል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሕፃናትንና ወጣቶችን በመግደል ረገድ ቀዳሚው ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። የሁሉም መንስኤ ጎማ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከመንስኤዎቹ ሁሉ መንገድ ሳይጀመር በዓይን ሊታይ፣ በእጅ ሊዳሰስ የሚችለው ጥቂቱ ነው፤ ጎማ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

የዓባይ በረሃ ፈተና

ከየጁቤ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣውም፣ ከሞጣ በቢቸና የሚወርደውም ተጓዥ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ደጀን ላይ ይገናኛል። ከደጀን በኋላ ሁሉም የዓባይን በረሃ መሻገር ግዱ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከደጋው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ አቋርጦ፣ እንደገና ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል።

ይህ መንገድ ለጎማ ትልቅ ፈተና ነው። ቁልቁለቱ ላይ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል ሸክሙ በፊት ጎማዎች ላይ ይበረታል። ፍሬን በተደጋጋሚ ሲረገጥ ይግላል፤ ሙቀቱም በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል። በረሃው ራሱ ሞቃት ነው። በዚህ ላይ ጣራው በጆንያ የተጫነ ከሆነ ጎማው ሙቀትንም ክብደትንም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ደኅና መስሎ የዋለ የሳሳ ጎማ ጉልበቱን የሚያጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ስለዚህ ምርመራው ደጀን ከመድረስ በፊት፣ ከተቻለም ከቤት ሳይወጡ መደረግ አለበት። ቁልቁለቱን ሲጀምሩም በትንሽ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው እያደረጉ መውረድ ፍሬንንም ጎማንም ከግለት ያድናል።

ጎማ ማለቁን በምን እናውቃለን?

የአንድ አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አምራቾች ጎማውን ሲሠሩ በቦዮቹ ወለል ላይ፣ በተወሰነ ርቀት፣ ከፍ ከፍ ያሉ ትናንሽ የጎማ ድልድዮች ያኖራሉ። ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ተበልቶ ከእነዚህ ድልድዮች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል ማለት ነው፤ ክርክር የለውም። ድልድዮቹ ያሉበትን ቦታ ለማግኘት የጎማውን ጎን ወደ ጠርዙ አካባቢ ያስተውሉ፤ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም የላቲን ፊደላት ምልክት ይጠቁማል።

ልኩን ማወቅ ለሚሻ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። የክብሪት እንጨት ወደ ቦዩ ውስጥ እስከ ወለሉ ያስገቡ፤ ከጥርሱ ገጽ ጋር እኩል የሆነበትን ቦታ በጥፍርዎ ምልክት ያድርጉ፤ አውጥተው በተማሪ ማስመሪያ ይለኩት። ይህንን በጎማው ላይ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በውስጠኛው ጠርዝ፣ በመካከሉና በውጭው ጠርዝ ያድርጉ። ከሁሉ የሚያንሰው ልክ የጎማው ልክ ነው። ውስጠኛው ጠርዝ በተለይ አይዘንጋ፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። የየጁቤው ሽማግሌ ሽቦውን ያገኙትም እዚያ ነው።

1.6 ሚሊ ሜትር በብዙ አገሮች ሕግ ለቤት መኪና የተፈቀደው የመጨረሻ ወሰን ነው። ወሰን ማለት ግን ደኅንነት ማለት አይደለም። ጎማ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን በእርጥብ መንገድ የመያዝ ኃይሉ በግልጽ ይቀንሳል። በአሜሪካ ሕግ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ የፊት ጎማ ጥርስ ከ3.2 ሚሊ ሜትር በታች እንዲሆን አይፈቀድም። እንግዲህ ክረምቱ ለሚበረታበት፣ ቁልቁለቱም ለሚበዛበት አገራችን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ለመቀየር መዘጋጀት የጥንቃቄ ሚዛን ነው።

ጥልቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ጎማው ወዲያው መነሳት ያለበት ደግሞ፦

• ሽቦ ወይም ክር ከታየ፤
• በጎኑ ላይ እንደ ዕንቁላል ያበጠ ነገር ካለ፤ ይህ ውስጡ ያለው ክር መበጠሱን ያመለክታል፤
• ጎኑ በጥልቀት ከተቆረጠ ወይም እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ፤
• ጥርሱ ከሥሩ መላቀቅ ከጀመረ ነው።

አበላሉ በሽታውን ይናገራል

ጎማ እንዴት እንደ ተበላ ያስተዋለ ሰው መኪናው ምን እንደ ታመመ ያውቃል። ሁለቱ ጠርዞች ተበልተው መካከሉ ከቀረ ጎማው ለረጅም ጊዜ ንፋስ አንሶት ወይም ጭነት በዝቶበት ሄዷል። መካከሉ ተበልቶ ጠርዞቹ ከቀሩ ንፋሱ ከልክ በላይ ነበር። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ችግሩ የጎማው አይደለም፤ የፊት እግሩ አሰላለፍ ተዛብቷል። እዚህና እዚያ ጎድጎድ ብሎ እንደ ተቦረቦረ ከተበላ ደግሞ አሞርዛተሩ ደክሟል ወይም ጎማው ባላንስ የለውም። ምክንያቱ ሳይታከም አዲስ ጎማ መግጠም በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል።

ዕድሜውም ይቆጠራል

ጎማ ቆሞም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል። ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ከ6 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ጥርሱ ያልተነካ እንኳ ቢሆን ከ10 ዓመት በላይ መገልገል የለበትም የሚሉ የጎማ አምራቾችም ብዙ ናቸው።

የተሠራበትን ጊዜ ለማወቅ በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ተብለው ከሚነበቡት ሦስት የላቲን ፊደላት በኋላ የሚመጣውን ጽሑፍ ይከተሉ፤ መጨረሻው ላይ አራት አሃዞች ያገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2318 የሚል ጎማ በ2018 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በአንዱ ጎን አራቱ አሃዞች ከሌሉ በሌላው ጎን ይፈልጓቸው። አራት ሳይሆን ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኙ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ይራቁት።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ወጥመድ አለ። ዓመቱ የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በኛ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ሱቅ ገብቶ «18» የሚል ያየ ሰው «የዘንድሮ ነው!» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ጎማው ግን የተሠራው በ2010 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ መገናኛ ነው፤ ስምንት ዓመት ያህል ሆኖታል። ፕላስቲኩ ያልተፈታ፣ ጥርሱ ያልተነካ መሆኑ ዕድሜውን አይመልሰውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ቁጥሩን ያንብቡ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱን ልዩነትም ያስሉ።

ንፋስና ጭነት

ለጎማ ከሁሉ የከፋ ጠላት ጥፍር ወይም ድንጋይ ይመስለናል። ዋናው ጠላቱ ግን የንፋስ ማነስ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ጎማውንና ውስጡ ያለውን ሽቦ ያላቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። በአብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪናዎች ላይ የተገጠሙት እነዚህ ጎማዎች በጉዞ ላይ ጥርሳቸው እየተላቀቀ መኪና ይገለብጡ ነበር። የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከዚሁ ጋር የተያያዘ 271 ሞት መዝግቧል። አደጋው የበረታው በሞቃታማዎቹ ደቡባዊ ግዛቶች ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎችም ጥፋቱ የጎማው አሠራር ነው፣ የለም ዝቅ ብሎ የተወሰነው የንፋስ ልክ ነው ተባብለዋል። በሀብታም አገር፣ በደኅና መንገድ ላይ ይህ ከሆነ በበረሃ ቁልቁለት፣ ጆንያ ተሸክሞ ለሚወርድ ጎማ ልኩን ማወቅ ምን ያህል ያስፈልግ!

ትክክለኛው የንፋስ ልክ በአብዛኛው በሹፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ወይም በመኪናው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ልክ ስለሆነ ከዚያ ጋር አያምታቱት። የሚለካው ጠዋት ከመነሣት በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። በጉዞ ላይ የጋለ ጎማ ንፋሱ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያን ጊዜ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲበርድ ከልክ በታች ይሆናል። ስኮርታውም አብሮ ይለካ። በችግር ቀን ተነፍሶ የሚገኝ ስኮርታ ከሸክም አይቆጠርም።

ያለቀ ጎማ «ሲታደስ»

አንዳንድ ሰዎች ያለቀ ጎማ በጋለ ስለት አዲስ ቦይ እያስወጡለት ይሸጣሉ። ከሩቅ ሲታይ ጥርስ ያለው ይመስላል። በእውነቱ ግን ከተበላው ላይ የቀረችውን ስስ ንጣፍ መልሶ መቁረጥ ነው። ለዚህ ታስበው የተሠሩና በጎናቸው ላይ የተጻፈባቸው የከባድ መኪና ጎማዎች ቢኖሩም የቤት መኪናና የሚኒባስ ጎማ ላይ ይህን ማድረግ አደጋ መሸመት ነው። እያወቁ እንደ ደኅና ጎማ መሸጡም ማጭበርበር ነው።

በሥርዓት የተለበሰ ጎማ ከዚህ የተለየ ነው። በፋብሪካ ተመርምሮ አዲስ ጥርስ የሚለብስ የጭነት መኪና ጎማ በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። ይሁንና በአሜሪካ ሕግ በአውቶቡስ የፊት እግር ላይ እንዳይገጠም ተከልክሏል፤ ሰው በሚጭን መኪና ፊት ላይ የሚፈነዳ ጎማ መሪን ስለሚነጥቅ ነው።

ቀዳዳንም በተመለከተ፣ በጥርሱ ወለል ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው አውጥቶ ከውስጥ ሲለጥፈው ይጠገናል። የጎን ቀዳዳ ግን አይጠገንም። ጎኑ የተቆረጠ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ከትቶ መንዳት ቁስሉን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም።

የዋጋው ነገር

ሹፌሩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ጎማ ውድ ነው። የቀን ገቢ እየቆጠረ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው አራት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት ይከብደዋል። ለዚህም መፍትሔው ማለቁን መደበቅ ሳይሆን ቶሎ እንዳያልቅ መንከባከብና አስቀድሞ መቆጠብ ነው። ንፋሱን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ ረጅም መንገድ ሲያስቡም ሁልጊዜ መለካት፤ ከ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር በሄዱ ቁጥር የፊቱንና የኋላውን ማቀያየር፤ አሰላለፉን ማስተካከል፤ ከመኪናው አቅም በላይ አለመጫን የጎማን ዕድሜ ያስረዝማል። ጥርሱን በየጊዜው የሚለካ ሰው የሚቀየርበትን ወር አስቀድሞ ያውቃል፤ ከየቀኑ ገቢ ጥቂት ጥቂት ማስቀመጥም ይችላል። በድንገት የሚያልቅ ጎማ የለም፤ ድንገተኛ የሚሆነው ያላየ ሰው ላይ ነው።

የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ባለቤቶች ለሆናችሁ ወጣቶችም ይህ ሁሉ ይመለከታችኋል። በሦስት ወይም በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው አንዱ ሲከዳው የሚይዘው ያጣልና ጥንቃቄው ይብስበታል።

ምናልባት ጎማ በጉዞ ላይ ቢፈነዳ ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይያዝ፤ ፍሬኑን በድንገት አይርገጥ፤ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ቀስ ብሎ ያንሳና መኪናው በራሱ እስኪቀዘቅዝ በመስመሩ ያቆየው፤ ከዚያ ወደ ዳር ያውጣው። ተሳፋሪዎችም በጩኸት አያስደንግጡት።

ማስገደድ ሳይሆን አማና

አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር ትቶ በአላህ መመካት ይሻል እንደ ሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቀ ጊዜ መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ እንዳስተማሩት በቲርሚዚ የተዘገበውን ሐዲስ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። የዛሬ ግመላችን አራት ጎማ አላት። የጉዞ ዱዓ አድርጎ ሽቦው በወጣ ጎማ መንገድ መግባት ገመዱን ትቶ መመካት ነው። ሹፌሩ የተሳፋሪዎቹ ነፍስ አማና አለበት። አባወራውም የልጆቹ አማና አለበት። ስለዚህ መኪና የሚኮናተር ቤተሰብ ዋጋ ከመነጋገሩ ጋር ጎማውንም ይይ። የጎደለ ካገኘ በለሰለሰ አንደበት፣ ሹፌሩን በሰው ፊት ሳያዋርድ ይንገረው። «ወንድሜ፣ ይህችን ጎማ ቀይርልን፤ ጉዞው ቢዘገይ ችግር የለብንም» ቢባል ብዙው ሹፌር አይከፋውም። የሚከፋው እንኳ ቢሆን ቅያሜው በሰላም ከገቡ በኋላ ይበርዳል።

በቤት ውስጥም ይህን ሥራ ለወጣት ልጆች ብንሰጣቸው መልካም ነው። አንዱ በክብሪት እንጨት ይለካ፤ አንዷ የዓመቱን ቁጥር ታንብብ፤ ሌላው ስኮርታውን ይይ። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ መሪ ሲጨብጥ ማንም ሳያስታውሰው ጎንበስ ይላል።

በየጁቤው ጉዞ የወለቀውን ጎማ በኋላ ምን እንዳደረጉት ሽማግሌውን ጠይቄያቸው ነበር። ሳቅ ብለው «በረባሶ ይሠራበት ብዬ ለጫማ ሠሪ አሰጠሁት» አሉኝ። ያለቀ ጎማ እግር ላይ ሆኖ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል። ቦታው ግን እዚያ ነው፤ ልጆቻችን በተሳፈሩበት መኪና ሥር አይደለም።

አላህ መንገዳችንን የሰላም ያድርግልን። አሚን።